የአምባዛው ሁዳዴ

የሰደበኝ ይሻው ነው። ቀኑ የሰኔ ሚካኤል ማግስት፣ ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት፣ ቦታው ጋፋት፣ ከወንዙ ማዶ ያለችው ወይራ ሥር። ከዝክሩ የተረፈውን ጠላ ለመጨረስ ተሰብስበን ነበር። ማን ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ እንኳ አልረሳሁም።

ያኔ እኔም አንድ በሬ፣ እሱም አንድ በሬ ነበረን። የኔ ዳልቻ ይባላል፣ የሱ ቡሬ። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና ሁለታችን መቀናጆ ገባን፤ አንድ ቀን ለኔ ማሳ፣ አንድ ቀን ለሱ። ሁለት ክረምት እንዲህ አረስን። በሦስተኛው፣ መሬቱ ርሶ ገብስ ሊዘራ ሲል፣ «ነገ ተራው የኔ ነው ይሻው» አልሁት። ዋንጫውን መሬት አስቀመጠና መልሱን ለኔ ሳይሆን ለተቀመጠው ሰው ሰጠ።

«የደምሴ በሬ ደግ በሬ ነው። የማይጠመደው ደምሴ ራሱ ነው።»

ሰው ሳቀ። ጥርስ ያለውም ሳቀ፣ የሌለውም በድዱ ሳቀ። በማግስቱ ይሻው ቡሬን ከሌላ ሰው በሬ ጋር ጠመደ። እኔ ከቤት ቤት ዞርሁ፤ የሰማ ሁሉ «ዘንድሮስ ተጣምደናል ወንድሜ» ይለኛል። ገብሴን ዘግይቼ ዘራሁ፤ ፍሬ ሳይዝ ውርጭ መታው። ዳልቻን እብናት ገበያ አውርጄ ሸጥሁት። ሚስቴ የሺ ጓዟን ጠቅልላ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ፣ ለምን ብዬ ብጠይቃት «ይሻው አልዋሸም» ብላኝ ወጣች።

ይህን ከፊት ያስቀደምሁት የኋላው ያለሱ ስለማይገባ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርሁት፤ ፊደሌ ከተሳሳተ አንባቢ ያቅናው። ነገሩ ግን አልተሳሳተም።

ከጋፋት ወጥቼ ጣና ዳር ወረድሁ። ዓሣ ከጀልባ እያራገፍሁ፣ ሆድ እየቀደድሁ ብዙ ዓመት ኖርሁ። አምባዛን ያወቅሁት እዚያ ነው። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ጠፍጣፋ፣ አፉ ሰፊ፣ ጺሙ ረዥም ነው። ቀን ጭቃ ላይ ይተኛል፣ ሲመሽ ለአደን ይነሳል። ከውኃ ቢያወጡት እንኳ ቶሎ አይሞትም፤ እንደ ሰው አየር ይስባል። ሆዱን ስቀድ ያላገኘሁት ነገር የለም። ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ የወፍ ጫጩት፤ አንድ ጊዜማ የሕፃን ጫማ።

የእህቴ የአማረች ልጅ ሠናይት ከኩዌት ተመልሳ ደብረ ታቦር ቤት ስትሠራ አስጠራችኝ። እናትም አባትም የላትም፤ በሕይወት የቀረኋት ትልቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ከጓሮ ካሉት ሰርቪሶች አንዷን ክፍል ሰጠችኝ። መጥፎ ልጅ አይደለችም። ይህን የምለው በኋላ ከምጽፈው ጋር እንዳይምታታ ነው።

ሳሎኗ ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ሰው የሚተኛበት አልጋ የሚያክል የዓሣ መስታወት አሠርታለች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በቤት ውስጥ አይቼ አላውቅም።

«አያ፣» አለችኝ፣ «የሠራሁበት ቤት እንዲህ ያለ ነበረ። ውስጡ ጺማም ትልቅ ዓሣ ነበረ። መስታወቱን እየወለወልሁ፣ ቆሜ ነው ምሳዬን የምበላው። ለዓሣው ግን ምግቡን የሚያመጣ ሰው በመኪና ይመጣል።»

«ታዲያ ያንን ክፉ ነገር አሁን ማየት ምን ያደርግልሻል?»

«አሁንማ ተቀምጬ ላየው ነዋ!»

አምባዛውን ያገኘሁላት እኔ ነኝ። አለምነው የሚባል፣ ከሐይቁ ዓሣ እያመጣ ሐሙሲት ገበያ የሚሸጥ ሰው አውቃለሁ፤ ጣት የምታክል ግልገል በጀሪካን ሰጠኝ። ሠናይት «ማዳም» ብላ ስም አወጣችለት፣ በአሠሪዋ። እኔ ግን አምባዛው ነው የምለው። ከሥጋ ቤት ጉበትና ሳንባ እያመጣሁ አሳደግሁት። ጣት የነበረችው ክንድ ሆነች፣ ከክንድም አለፈች።

ሲያድግ መስታወቱ ባዶ መስሎ ታያት። አምባዛ ቀን ቀን አይንቀሳቀስም፤ እንግዳ መጥቶ የሚያየው እንጨት የመሰለ ነገር ነው። ሠናይት በስልኳ ያነሳችውን የዚያን ቤት ቪዲዮ እያሳየች፣ «ይኸው እዚህ ሌሎችም አሉ፣ አብረው ነው የሚኖሩት» ትላለች። እኔን ሳትጠይቅ ከባሕር ዳር ወርቅ የመሰሉ ትንንሽ ዓሦች በላስቲክ አስመጣችና ማታ ለቀቀቻቸው። ጠዋት ሳሎን ገብታ ጮኸች።

«አያ! የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱ። እዚያው ናቸው፣ ሆዱ ውስጥ።»

ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ «እንግዲያው አንቱ ይምረጡልኝ» አለች።

ከወይራዋ ሥር ወዲህ ማንም ሰው «ምረጥ» ብሎኝ አያውቅም ነበር።

በሬ የሚያጣምድ ሰው መጀመሪያ ቁመት ያያል። አጭሩን ከረዥሙ ቢጠምደው ቀንበሩ ያዘነብልና አጭሩን ያንቀዋል። ለአምባዛ የሚታየው ቁመት ሳይሆን አፍ ነው። አፉ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ጎረቤቱ አይደለም፣ ራቱ ነው። ሌላ አምባዛስ ብል? ሁለት ኮርማ በአንድ በረት ነው፤ አንዱ ለመተኛ ቦታ ሲል ሌላውን ይቦጫጭቀዋል። ቅርፊት የለውምና ቆዳው እንደ ሰው ቆዳ ነው የሚላጥ። ነጭ ዓሣ የሚባለው ፈጣን ነው፣ አይያዝም ይሆናል፤ ነገር ግን ይዘላል፣ አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ ደርቆ ይገኛል። ሳወጣ ሳወርድ ቀረሶ ላይ ደረስሁ። ቀረሶ ጎኑ ሰፊ ነው፣ ሳህን ይመስላል፤ ጀርባው ላይ እንደ መርፌ የሚቆም እሾህ አለው፤ የሚውለውም ከላይ ነው፤ ከታች ለሚተኛው አምባዛ ቦታውን አይሻማውም።

ሐሙሲት ወርጄ አለምነውን «ካሉህ ሁሉ ትልልቆቹን፣ በሕይወት ያሉ፣ ሁለት ቀረሶ ስጠኝ» አልሁት።

«ለጥብስ ነው?»

«ለጉርብትና ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከዚያ ከሰጠኸኝ አምባዛ ጋር።»

አለምነው የሚዛኑን ሰንሰለት ለቀቀና ሳቀ። «አምባዛና ቀረሶ? ጅብና አህያ አብረው ያድራሉ በለኛ!»

«አህያዋ ትልቅ ከሆነች፣ ጅቡም ከጠገበ ያድራሉ።»

«ጅብ ጠግቦ ያውቃል እንዴ ወዳጄ?»

«ባለቤት ካለው ይጠግባል» አልሁት። ያኔ ያልሁትን አሁንም አልለውጥም። አምባዛን ሰላማዊ የሚያደርገው ጠባዩ አይደለም፣ ሆዱ ነው።

አዲስ በሬ ከነባር ጋር ሲጠመድ በነባሩ ማሳ አይጀመርም፤ ነባሩ ቦታዬ ነው ብሎ ይወጋል። ሁለቱም በማያውቁት መሬት ነው የሚለማመዱት። እኔም መስታወቱ ውስጥ ያለውን ድንጋይ ሁሉ አንስቼ ቦታ ለዋወጥሁ፤ ለአምባዛው መሸሸጊያ ይሆን ዘንድ አንገቷ የተሰበረ እንስራ አጋደምሁ። ጉበቱን እስኪተፋው ድረስ አበላሁትና ቀረሶዎቹን ለቀቅሁ። አምባዛው ከእንስራው ብቅ ብሎ በጺሙ ዳሰሳቸው፣ ተመልሶ ገባ። በቃ፣ ተጣመዱ።

ከመስቀል እስከ ጥምቀት ማዶ አብረው ኖሩ። መብራት ሲጠፋ የአየሩ ፓምፕ ይቆማል፤ አምባዛው ብቅ ብሎ ከላይ ይተነፍሳል፣ ቀረሶዎቹ ግን አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ። ያኔ በጆግ ውኃ እየቀዳሁ ከላይ እያንቆረቆርሁ መብራት እስኪመጣ እቆማለሁ። ክንዴ ይዝላል። የጎረቤት ሰው ዓሦቹን ሊያይ ይመጣና «አይባሉም እንዴ?» ይላል፤ ሠናይት «አያ ደምሴ ናቸው ያስማሟቸው» ስትል በጓሮ ሆኜ እሰማለሁ።

ሊያዩ ከመጡት አንዱ ዋልልኝ ነው። ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ሠናይትን የሚፈልግ ጎልማሳ። መጀመሪያ ቀን መስታወቱን በጣቱ እያንኳኳ፣

«ሰውዬ፣ ይሄ ነገር ይናከሳል?» አለኝ።

አባቱ የምሆነውን ሰው «ሰውዬ»! ስሜ ደምሴ ነው አላልሁትም። «ጣትህን ብታስገባ ታውቀዋለህ» አልሁት። ሠናይት ሳቀች፣ እሱ አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ሲሆኑ «ይህ ሰውዬ ከተጋባን በኋላም እዚሁ ነው?» እንደሚላት ራሷ ነግራኛለች። «ተስማምታችሁ ኑሩልኝ አያ፣ ሌላ ምን እላለሁ?» አለች።

ዋልልኝን ያሳደገው አጎቱ ማን እንደሆነ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይሻው። የጋፋቱ ይሻው።

ሠናይት የምታውቀው ነገር የለም። «ይሻው የሚባሉ አጎቱ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። በአባቴ ቦታ የሚቀመጡልኝ አንቱ ነዎት» አለችኝ።

የአገራችንን ወግ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በሩ አጠገብ ቆሞ፣ ከዘራውን ተመርኩዞ፣ የልጅቷ ወገን «ተቀመጡ» እስኪለው ይጠብቃል። «ተቀመጡ» የምለው እኔ ነኝ። ይሻው እንደ ባለዕዳ ከፊቴ ይቆማል፣ እኔ ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጬ አየዋለሁ። ሌላ ምንም አልፈለግሁም። ገንዘብም፣ መሬትም፣ የሺንም አልፈለግሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የምበላው እንጀራ ለዚያች ወንበር ብቻ ነበር። የሠናይት ንስሐ አባት የጋፋቱን ወሬ ሰምተው «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው ደምሴ» ቢሉኝ፣ «አባ፣ እኔ መች ጸለይሁ?» አልኋቸው።

ይሻው ግን ከቀጠሮው በፊት መጣ፣ በነነዌ ሰሞን፣ «ቤቱን ልየው» ብሎ ከዋልልኝ ጋር። ገና ከደጅ ሲያየኝ እጁን ዘረጋ።

«ደምሴ! አለህ እንዴ? እኔኮ ሞተሃል ብዬ ነበር!»

አቀፈኝ። ጀርባዬን መታ መታ አደረገ። ፊቱን አየሁት፤ ወይራዋም፣ ጠላውም፣ ቃሉም ከፊቱ ላይ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የተባለው ለዚህ ነው። ተቆጥቶ ቢመጣ ይሻለኝ ነበር።

እጄ ላይ ከፍሪጅ ያወጣሁት ጉበት ነበረ፤ የአምባዛው ሰዓት ደርሶ ነበር። ጣል ሳደርግለት ይሻው ወደ ኋላ ሸሸ።

«ዛሬ ነነዌ አይደለም እንዴ?»

«ዓሣ ነው ይሻው። አይቆርብ።»

«በነነዌ የጾመው ንጉሡ ብቻ ነው? ሰውም እንስሳውም፣ በሬውም በጉም አንዳች አይቅመሱ ተብሎ ከብቱ ሁሉ ጾሟል!» ብሎ ወደ ሠናይት ዞረ። «ልጄ፣ ሁዳዴን ሙሉ በዚህ ፍሪጅ ሥጋ ሊያድር ነው? እኛ ሽማግሌ ይዘን የምንመጣው የክርስቲያን ቤት ነው ብለን ነው።»

ሠናይት ፊቷ ቀላ። ዋልልኝ ወደ መሬት አየ።

«የለም አባባ፣ አይገባም። ዘንድሮ ማዳምም ትጾማለች» አለች።

ሁሉም ሳቁ። እኔ የቀረውን ጉበት ይዤ ቆሜ ነበር።

ሲሄዱ ወደሷ ገባሁ።

«ሠናይት፣ አብረው የኖሩት ስለጠገበ ነው። ከመስቀል ወዲህ አፉ ሰፍቷል፤ ያኔ የማይገቡት አሁን ሊገቡ ይችላሉ። ከራበው ይበላቸዋል።»

«ሥጋ ቤቱኮ ሁሉ ይዘጋል አያ። ከየት ያመጡለታል?»

«የእስላሞቹ ሥጋ ቤት ክፍት ነው።»

«አያ!» አፏን ያዘች። «በሁዳዴ የዚያን ቤት ፌስታል ይዘው በዚህ በር ሲገቡ ሰው ቢያይ?»

«ዓሣው አልተጠመቀም።»

«እኔ ተጠምቄያለሁ።»

«እንግዲያው ቀረሶዎቹን አውጥቼ እስከ ፋሲካ በርሜል ውስጥ ላቆያቸው።»

«ሽማግሌ ሲመጣ ባዶ መስታወት ላሳይ? ይቆዩ። ትንሽ ነው የቀረው፤ ይቆዩ።» ቆይታ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ካልተስማማን ግን ጎረቤታችን አያሌውም አሉ፤ የእድር ዳኛ ናቸው፣ ነገር ያውቃሉ» አለች።

ወንበሯን ለአያሌው ከምትሰጥ ዓሣው ይጹም አልሁ በልቤ።

ሁዳዴ ገባ። ዳቦ በውኃ ነክሬ ሰጠሁት፤ አሸተተና ተወው። የሽምብራ ዱቄት አቡክቼ ድቡልቡል ሠራሁለት፤ አንዷን ውጦ ሌላዋን ተፋ። ወንዝ ዳር ወርጄ ትል ቆፈርሁ። መጋቢት ላይ መሬቱ እንደ ሸክላ ደርቋል፤ ግማሽ ቀን ቆፍሬ የማገኘው አንድ እፍኝ አይሞላም። ትል ሥጋ ነው አይደለም ብዬ ማንንም አልጠየቅሁ። ዋልልኝ በመኪና ሲያልፍ አየኝና መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ሰውዬው አርበኛ ሆኗል፣ ምሽግ ይቆፍራል!» ብሎ ከጎኑ ያለውን ሰው አሳቀብኝ። ከሐሙሲት ትልልቅ ቀረሶ አምጥቼ ልቀይራቸው ብል ደግሞ መንገዱ አንዴ ይዘጋል፣ አንዴ ይከፈታል፤ በተከፈተ ቀን አለምነው የለም።

ደብረ ታቦር ብርድ ነው። በብርድ አምባዛ ብዙ አይበላም፤ እስከ የካቲት ያዳነን እሱ ነው። መጋቢት ሲሞቅ ግን ነቃ። ቀን ከእንስራው የማይወጣው፣ ቀን መዞር ጀመረ። ሰው በበሩ ሲገባ ጉበት የመጣ እየመሰለው ወደዚያ ወገን ይመጣል፣ ጺሙን መስታወቱ ላይ ያሻሻል። ቀረሶዎቹ ከፓምፑ ሥር፣ ላይኛዋ ጥግ ላይ ተጣብቀው ቀሩ። ለመብላት እንኳ አይወርዱም። ሠናይት አላየችም። መጋረጃ እያሰፋች፣ ምንጣፍ እያራገፈች ነበር።

የሽማግሌዎቹ ቀን የኒቆዲሞስ እሑድ ሆነ። ጠዋት ስገባ ከቀረሶዎቹ የአንዱ ጅራት ጫፉ የለም።

«ሠናይት፣ አሁኑኑ ላውጣቸው።»

«አሁን? ሊመጡ ነውኮ! ምንጣፉን ውኃ ሊያደርጉብኝ ነው? እስኪሄዱ፣ አያ። እስኪሄዱ ብቻ።»

ያለኝን ብልኃት ተጠቀምሁ። ሶፋዎቹን አዙሬ ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጠኋቸው፤ የተቀመጠ ሰው ዓሣውን አያይም። ከዚያ ጋቢዬን ለበስሁና ከውስጥ በኩል፣ የልጅቷ ወገን ሆኖ ከተጠራው ከአያሌው አጠገብ፣ በሠናይት አባት ቦታ ተቀመጥሁ። ዋልልኝ ወጉ ባይፈቅድም ከውጭ መኪናው ውስጥ ሆኖ ይጠብቅ ነበር።

ሦስት ሆነው ገቡ፣ ይሻው ከፊት። ነጭ ኩታ ለብሷል። በሩ አጠገብ፣ መስታወቱ ጎን ቆሙ።

«ቤቶች፣ እንደምን ዋላችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከዚህ በኋላ የምለው አንድ ቃል ነው። አላልሁም። ይሻው ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወረ። ሽበታም ሆኗል፤ ጉልበቱም እንደሚያመው አየሁ። አንድ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ያህል ዝም አልሁ። ሠናይት ከጓዳ በር ሆና አሳለች።

አያሌው በክርኑ ነካኝ። «ደምሴ፣ ተቀመጡ በላቸው እንጂ።»

ይቁሙ፣ አልሁ በልቤ። እኔ ቀንበር ለምኜ ከቤት ቤት የዞርሁትን ያህል ባይሆንም ይቁሙ።

ይሻው ዝምታው ሲያሳፍረው ወደ ጎን ዞረና መስታወቱን አየ። አምባዛው ሰው ሲቆም አይቶ መጥቶ ነበር፤ አፉን ከፍቶ ፊት ለፊቱ ነው። «ይቺ ናት ጾመኛዋ?» ብሎ ለሽማግሌዎቹ ቀለደና በከዘራው ጫፍ ላይኛዋን ጥግ፣ ቀረሶዎቹ የተጣበቁባትን፣ ኳ ኳ አደረጋት።

ቀረሶዎቹ ደንግጠው ወደ ታች ወረዱ።

ሲይዘው አላየሁም፤ ውኃው ሲዘልና ኩታው ላይ ሲፈስ ነው ያየሁ። ከወንበሬ ተነስቼ ስደርስ ጅራቱ የተበላው ቀረሶ ግማሽ ገላው አምባዛው አፍ ውስጥ ነበር። መዋጥ አልቻለም፣ መትፋትም አልቻለም። ቀረሶው በፍርሃት እሾሁን አቁሟል፤ እሾሁ የአምባዛውን ጉንጭ ከውስጥ ወደ ውጭ በስቶ ወጥቷል። አምባዛው ራሱን ከመስታወቱ ጋር ያላጋል። ውኃው ቀላ።

«ደም!» አለ አንደኛው ሽማግሌ። «በሁዳዴ፣ በሰንበት፣ ደም!»

እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አወጣኋቸው። እሾሁ መዳፌን ወጋኝ። ምንጣፉ ላይ አስተኝቼ ጉንጩን ላላቅቅለት ታገልሁ፤ ቀረሶው ቀድሞ ዝም አለ፣ ያ ከውኃ ወጥቶ የማይሞተው አምባዛ ደግሞ ጉሮሮው ተዘግቶ አየር አጣ። ጺሙ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ቆመ። ላላቅቃቸው አልቻልሁም። በዕድሜዬ ካጣመድኋቸው ሁሉ ሳይለያዩ የቀሩ እነሱ ናቸው።

ቀና ስል ይሻው ከላዬ ቆሟል። ኩታው ላይ ያለውን ውኃ እያራገፈ ለሽማግሌዎቹ ነው የሚናገር፣ እንደ ያኔው።

«እኔ እኮ ያን ጊዜ ወይራዋ ሥር ብያለሁ። የደምሴ በሬ ደግ በሬ ነው፣ የማይጠመደው ደምሴ ራሱ ነው። ይኸው፣ ዓሣውንም እንደ ራሱ አደረገው።»

አልረሳም ነበር። ቃል በቃል፣ አንዲት ሳትጎድል።

«ገዱ አላማረም» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ። «ለሌላ ቀን ይሁን ይሻው። እንውጣ።»

ሠናይት ነጠላዋን እየረገጠች ከጓዳ ወጣች። «የለም አባባ! እግራችሁ ከገባ አይወጣም! ገድ አይደለም፣ የአያያዝ ጉድለት ነው። ዓሣውን የያዙት እሳቸው ናቸው። የሳቸው ጥፋት ነው።» እኔን አላየችኝም። «ጋሽ አያሌው፣ እባክዎ፣ አንቱ ይቀመጡልኝ።»

እሳቸው ብላ በአክብሮት ነው ያስነሳችኝ። አያሌው ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ወንበሬ ተዛወረ።

«ተቀመጡ፣ አባቶች፣ ተቀመጡ» አለ።

«ጉዳይ አለን።»

«ጉዳያችሁም ተቀምጣችሁ ይሰማል።»

ተቀመጡ። ጀርባቸውን ለመስታወቱ ሰጥተው፣ ሶፋዎቹን እኔ እንዳዞርኋቸው። ይሻው ከተቀመጠ በኋላ አንገቱን መለስ አድርጎ፣ ምንጣፉ ላይ የተንበረከክሁትን እኔን አየ።

«እስቲ ንገረን ደምሴ፣ ለወደፊቱ እንድናውቀው። ምን አብልተኸው ነው እንዲህ ያበደው?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። ምንም። ምንም አላበላሁትም፤ አንተ በነነዌ በምላስህ ከልክለህ፣ እሷ የሰው ዓይን ፈርታ፣ ምንም አልበላ። ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል። ያችን ቃል ብተፋት ሽማግሌዎቹ የጓዳውን ነገር ሁሉ ይሰማሉ፣ ጋብቻው እዚያው ምንጣፍ ላይ ይቀራል። ሠናይት ያን ታውቃለች። አሁን አየችኝ። እጇን አፏ ላይ አድርጋለች።

ተነሳሁ። መዳፌ ይደማ ነበር፤ በጋቢዬ ጫፍ ጠቀለልሁት።

«አንተን እኮ ነው!» አለ ይሻው። «መልስ የለህም?»

በመስታወቱ አጠገብ አለፍሁ። የቀረችው ቀረሶ ቀይ ውኃ ውስጥ ብቻዋን ጥጓን ይዛለች። ከበሩ ወጣሁ። ዋልልኝ ከመኪናው ውስጥ አንገቱን አውጥቶ «ሰውዬ፣ ጨረሱ?» አለኝ። እሱንም አልፌ፣ በጋፋት መንገድ ሄድሁ።